የንስሐ አባቴ ጥርስና የእኔ ጨው

ይህን የምጽፈው ባለ ጥርሱን አስፈቅጄ ነው። የንስሐ አባቴ ናቸውና ሳይፈቅዱልኝ ስለ እሳቸው መጻፍ አልደፍርም። ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና፣ «ጨውሽንም አብረሽ የምትጽፊ ከሆነ ተፈቅዶልሻል» አሉኝ። እንግዲህ ጨዉም ይመጣል።

ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከቤቴ እዚህ ለመድረስ ሁለት ቀን መንገድ ነው። እናቴ በደወለች ቁጥር «ብርዱ እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ እሷ ራሷ አሰላ ብርድ ላይ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣ።

የምሠራው በአንዲት ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ በነርስነት ነው። ሐኪሙ ወገዳ ከተማ ላይ ሱቅ ያላቸው የሙስሊም ነጋዴዎች ልጅ ነው። ወጣት ነው፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ሰው ሳይተርብ መዋል የማይችል። እሱ ጥርሱን ያያል፣ እኔ ሰውየውን አያለሁ። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ለሚያቅታቸው ሰዎች በደም ስር በጥቂት በጥቂቱ የምንሰጠው ማረጋጊያ አለ። አያስተኛም። ሰውየው ሲጠሩት ይሰማል፣ አፍህን ክፈት ሲሉት ይከፍታል፤ ፍርሃቱ ብቻ ይርቀዋል፣ በኋላም የሆነውን አብዛኛውን አያስታውስም። ያኔ እኔ ሌላ ሥራ አልነካም። ትንፋሹን እቆጥራለሁ፣ ጣቱ ላይ የቆነጠጥኩትን የኦክስጅን መለኪያ አያለሁ፣ በየአምስት ደቂቃው እጠራዋለሁ፣ ሲመልስልኝ ወረቀቴ ላይ እጽፋለሁ። ኦክስጅኑና ማርከሻው መድኃኒት ከእጄ ሥር ካልሆኑ መርፌው አይወጣም።

«ሲስተር፣ ያንቺ ወረቀት ያልተሞላለት ሰው መንግሥተ ሰማያትም አይገባ» ይለኝ ነበር ሐኪሙ። አንድ ቀን ይህንኑ በሽተኛ ፊት ደገመው፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሻዩ ላይ በስኳር ፈንታ ጨው ጨመርኩበት። ዝም ብሎ ጠጣው። ዝምታው ከሳቁ የባሰ ቆጨኝና በዚያው ሳምንት ሄጄ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ሐኪሙን ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ሳምንት አለፈ።

አባ ቄስም የደብራችን መሪጌታም ናቸው፤ ድጓውን ጋይንት ቤተ ልሔም ተምረው የመጡ። የደብሩ ንግሥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የታችኛው መንጋጋቸው አበጠ። እብጠቱን በመድኃኒት ብንመልሰውም ጥርሱ መውጣት ነበረበት፤ አፋቸውን በደንብ ከፍተው ማዜም አልቻሉማ። ሁለት ጊዜ ወንበሩ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ሁለት ጊዜም የጥርስ ማያዋ መስታወት ምላሳቸውን ገና ስትነካ ዘለው ተነሡ። ሐኪሙ «በማረጋጊያ ይሁን» አለ።

ቀጠሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ። በእመቤታችን ቀን ይቅናቸው ብዬ ሃያ አንድን መረጥኩ። በቀጠሮው ሰዓት ከባለቤታቸው ጋር መጡ፤ ፊታቸው በርቷል።

«ልጄ፣ ዛሬ ቀድሼ ቆርቤ ነው የመጣሁ» አሉኝ።

የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ደም አያፈስስም፣ ምራቁንም አይተፋም። ይህን ለማወቅ የነርስ ትምህርት አያስፈልግም፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሃያ አንድን ስመርጥ ቅዳሴው ለምን እንዳልታየኝ እንጃ። ሐኪሙ ምክንያቱን ስነግረው ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። «ይሄን ወረቀትሽ ላይ አልጻፍሽውም?»

ባለቤታቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «የመቀደስ ተራቸው እኮ አልነበረም» አሉ። «ባለተራውን ለምነው ነው የገቡ።»

አባ ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ።

ከሁለት ቀን በኋላ በጠዋት መልሰን ጠራናቸው። ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፤ ጠበል እንኳ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ባለቤታቸውም ማሉልኝ። በቅሎ ላይ ብቻቸውን እንደማይወጡና እስከ ማግስቱ ድረስ ባለቤታቸው ከአጠገባቸው እንደማይለዩ አስፈረምኩ። የደም ግፊታቸውን ልለካ ስጠጋ አባ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ የምፈራው ጥርሱን አይደለም። ምላሴን ነው።»

ገበያ ላይ ሰምተው ኖሯል። አንዲት ሴት እንዲህ ያለ መድኃኒት ተሰጥቷት የሆዷን ሁሉ ዘረገፈችው አሉ። «የስንቱን ሰው ንስሐ ነው የተሸከምኩ። አንዱ እንኳ ከአፌ ቢያመልጥ ክህነቴ ምን ይረባኛል? ከዚህስ ንግሡ ያለ እኔ ይለፍ።»

አላጋነኑም። ማረጋጊያው አንዳንዱን ሰው ለፍላፊ ያደርገዋል፤ አይደለም ብዬ ልዋሻቸው አልችልም። ደግሞ ሐኪሙ መርፌውን ይዞ እዚያው ቆሟል፣ ጨዉም አባ ሆድ ውስጥ ነው። ምን እንደነካኝ ሳላውቅ ወደ ሐኪሙ ዞርኩ።

«ዶክተር፣ ያን ቀን ሻይዎ ላይ ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። አባ፣ የእኔ ከሸክምዎ ወረደ።»

ሐኪሙ አተኩሮ አየኝ። «እኔ እኮ የመካነ ኢየሱስ ስኳር እንዲህ ነው ብዬ ከወገዳ አንድ ኪሎ አስመጣሁ።»

አባ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ባለቤታቸው ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተነሡ።

«እንዲያ ከሆነስ እኔም አንድ አለኝ። አይጥ በላው ያልኳችሁ ካባ፣ አንቱ፣ አይጥ አልነካውም። ትራስ አድርጌ ሰፍቸዋለሁ።»

አባ ጋቢውን ገለጡ። «እኔ የምተኛበትን?»

«እሱኑ።»

«አራት ዓመት ሙሉ አይጥ ስረግም!»

ሐኪሙም አልቀረም፤ ሆን ብሎ ወረቀቶቼን እየደበላለቀ፣ እኔ ሳስተካክል በመስኮት ያየኝ እንደነበር ተናገረ። በዚያች ክፍል ውስጥ አራት ሰው እንባውን እየጠረገ ነበር፤ ገና አንዲት ጠብታ መድኃኒት አልተሰጠም። የደም ግፊታቸውን ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ የመጀመሪያው የሳቅ ነው ብዬ ሰረዝኩት።

ሳቁ ሲበርድ አባ እንደገና ከበዱ። «የእናንተስ ወረደ። የሌላው ምእመንስ?»

ያኔ ነው መፍትሔው የታየኝ። እኔ የሚያስፈልገኝ ሰምተው መመለሳቸው እንጂ መናገራቸው አይደለም።

«አባ፣ አፍዎ መንጋጋዎን በሚደግፍ ጎማ ይያዛል፤ እንኳን ምሥጢር ስምዎንም በደንብ አይጠሩም። ስጠራዎት የእጅ መስቀልዎን ከፍ ያድርጉልኝ። መስቀሉ ከተነሣ ደኅና ነዎት። ካልተነሣ ሥራው ይቆማል።»

መስቀላቸውን በቀኝ እጃቸው ጨበጡ። መለኪያውን የግራ ጣታቸው ላይ ቆነጠጥኩ። ጎማው ምላሳቸውን ሳይነካ ከጎን ከገባ በኋላ ሐኪሙ ማረጋጊያውን በጥቂት በጥቂቱ ሰጠ፤ ቅንድባቸው ረገበ፤ ከዚያ መንጋጋቸውን አደነዘዘ።

«አባ» አልኳቸው።

መስቀሉ ቀስ ብሎ ተነሣ። እኔም ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩት። ከበሩ በኩል ባለቤታቸውም ተነሥተው እጅ ነሡ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጠራሁ፤ ተነሣ፤ ተሳለምኩ። ሐኪሙ ጥርሱን እየነቀነቀ፣ «ሲስተር፣ ይሄ የጥርስ ክሊኒክ ነው ወይስ ቅኔ ማሕሌት?» አለ። ልመልስለት ስል አባ ከጉሮሯቸው ዜማ ጀመሩ። ቃል የለውም። በጎማው ዙሪያ የሚንቆረቆር ረጅምና ለስላሳ ድምፅ ብቻ። ሐኪሙ ሳይታወቀው በጫማው ጫፍ ወለሉን ይመታለት ጀመር፤ ጥርሱም በዚያው መካከል ወጣ።

መድኃኒቱ ሲለቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር። ጥጥ ነክሰው፣ በዓይናቸው፣ በእጃቸው፦ ተናገርኩ?

ወረቀቴን አነበብኩላቸው። «ሦስት ሰዓት ከሃያ፦ ተጠሩ፣ መስቀል አነሡ። ከሃያ አምስት፦ መስቀል አነሡ። ከሠላሳ፦ መስቀል አነሡ፤ ያዜማሉ። ቃል አልተሰማም።» ሐኪሙም «ወላሂ፣ አንዲት ቃል የለም» አለ። አባ ወረቀቱን ተቀብለው መስመር በመስመር በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ ጉንጫቸው በእንባ ራሰ፤ ባለቤታቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው። ሐኪሙ በዚያ ወረቀት ከዚያ ወዲህ አልቀለደም።

በንግሡ ዕለት ማሕሌቱን አባ መሩ። ድምፃቸው ከቅጥሩ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ሐኪሙም አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሲሰማ አይቼዋለሁ። ሲያበቃ ለመሳለም ሰልፍ ገባሁ። ተራዬ ሲደርስ አባ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉና መስቀሉን ቀስ አድርገው ከፍ አደረጉት፤ እንደገና አወረዱት፣ እንደገና ከፍ አደረጉት፤ ልክ እንደዚያ ቀን። ዓይናቸው ግን ይስቃል።

ነጠላዬን አፌ ላይ አፈንኩት፤ አልሆነም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በንግሥ ቀን፣ ሳቅ አመለጠኝ።

በሳምንቱ እሱን ልናዘዝ ሄድኩ። አባ ሰምተውኝ ሲጨርሱ፣ «ይህ የእኔም ኃጢአት ነውና ግማሹን ስግደት እኔ እሰግድልሻለሁ» አሉኝ።