ብዪ የተባልኩበት መንገድ

«እማ፣ ልንነሳ ነው፤ ስልኬን ላጠፋው ነው» አለችኝ ልጄ ሰሚራ ዛሬ ጠዋት። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። «አዲስ አበባ እኮ አንድ ሰዓት አይሞላም! ምነው እንዲህ ሆንሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። በመኪና አትሂጂ ብዬ የለመንኳት እኔው ነኝ፤ አሁን ደግሞ ይኸኛውም አስፈራኝ። መንደራ ቆጪ ሰፈር ካለው ቤቴ በር ላይ ቆሜ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ። ደመና ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ዞሬ አያለሁ።

ጎረቤቴ አልማዝ ቆጮ በጎመን ይዛ መጣች። «ብዪ እስቲ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም» ስትለኝ ክንዷን ያዝኩት።

«ምን ሰምተሽ ነው?» አልኳት።

ግራ ገባት። ምን ታድርግ፣ አታውቅም።

ልጅ ሳለሁ አባቴን ሆዱን አመመውና አዲስ አበባ ይታከም ተባለ። የመኪናውን እንግልት አይችለውም ተብሎ እናቴ በአውሮፕላን ይዛው ሄደች። በማግስቱ እኔ ልብሳቸውን ይዤ ከጎረቤታችን ከአደ ዘይነባ ጋር በአውቶቡስ ተከተልኩ። ክረምት ነበር፤ መንገዱ ጭቃና ጉድጓድ። ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ሲመሽ ነው የሚገባው። ደውሎ እንዴት አደረ ማለት የለም።

አሰንዳቦ ለቁርስ ቆምን። አደ ዘይነባ ሾፌሩን ወደ ጎን ወስደው አንሾካሾኩለት። ዞር ብሎ አየኝና «የኔ እናት፣ ነይ ፊት ተቀመጪ» አለኝ። አንዱ ተሳፋሪ ሙዝ ሰጠኝ፤ አንዷ ሻሿን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። አደ ዘይነባ ደግሞ እንቁላል አዝዘው «ኛዱ ልጄ፣ ብዪ! ሆድሽ ባዶ አይሁን» ይሉኛል፣ ደግመው ደጋግመው።

እኛ ጋ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ቤት እስኪገባ ይደበቀዋል፤ መጀመሪያ እህል ይቅመስ ይባላል፣ ከዚያ ነው የሚረዳው። ይህን ልጅም ያውቀዋል። አባቴ ሞቷል፣ አውቶቡሱ ሙሉ ሰምቷል፣ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ አልኩ በልቤ። እንቁላሉን ሳልጨርስ ገፋሁት።

የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ መኪናው በየመታጠፊያው ሲያዘነብል ሰው ሁሉ ዱዓ ያደርጋል። ለአባቴ መሰለኝ። ወልቂጤ ምሳ ላይ «ብዪ» ተባልኩ፤ ወሊሶም ዳቦ በሻይ። «አባቴ ሞተ?» ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ካልጠየቅሁ እስክንደርስ ድረስ ይኖርልኛል።

ሲመሽ ደረስን። አጎቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። ገና ሳይስመኝ «በሉ መጀመሪያ እራት እንብላ» ሲል እሪ ብዬ መሬት ወደቅሁ።

«ማል ታቴ? ምን ሆነች?» አለ ደንግጦ።

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ አደ ዘይነባ። «እናቷ ‹አባቷ ከታመመ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፤ አደራሽን አብዪያት› ብላኝ ነው። ሾፌሩንም፣ ኋላ ተቀምጣ እንዳያስመልሳት ብዬ ለመንኩት እንጂ ምን አደረግኳት?»

አባቴ ሆስፒታል አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። «እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ደረስኩ፤ አንቺ በእግርሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» ብሎ ቀለደብኝ። አልሃምዱሊላህ፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ።

ይህን ለአልማዝ እያወራሁላት ስልኩ ጮኸ። «እማ፣ ወረድኩ! አልነገርኩሽም? ምኑም ሳይታወቀኝ!»

አዎ፣ ላንቺ አልታወቀሽም አልኩ በሆዴ። መንገዱ ያጠረው ለሄደው ነው፤ በር ላይ የቆመችው ዛሬም ጊቤን ወርዳ፣ ጊቤን ትወጣለች።

ቆጮው ቀዝቅዟል። አልማዝ ላሙቀው ብትለኝ እምቢ አልኩና እንዳለ በላሁት።