የመርካቶ ልጅ ምስክርነት

ዘጠነኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶቹን ደብረ ዘይት ካምፕ ወሰደችን። ጠዋት ጠዋት ስለ እውነት የሚያስተምረን የካምፑ መሪ፣ ለመዝጊያው ቀን ያዘጋጀሁትን ምስክርነት ሰምቶ ፊቱን አጨማደደ።

«የመርካቶ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ጎዳና፣ ጫት፣ ስርቆት... እንዲህ ያለ ነገር የለሽም?»

የለኝማ! እናቴ እዚያው መርካቶ፣ እህል በረንዳ ገበያ ምስር ለቃሚ ናት፤ ከትምህርት ቤት ቀጥ ብዬ እሷ ጋ እየሄድኩ፣ አብሬያት ጠጠር እየለቀምኩ ነው ያደግኩት።

«ትንሽ ጨመር አድርጊበት፤ ሰው እንዲነካ» አለኝ።

ጨመርኩበት። የመዝጊያው ቀን ከካምፑ ተመልሰን፣ አማኑኤል ሰፈር ባለው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ወላጆች ፊት ቆሜ፣ ጌታ ከጎዳና እንዳነሳኝ ተናገርኩ። እልልታው ቀለጠ።

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እህል በረንዳ ሚዛን የሚሰርቅ አይጠፋም፤ እኔን ግን «ዋሺ» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ያስዋሸኝ የእውነት አስተማሪዬ ነው።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሴቶቹ እናቴን ከበቧት። «እትዬ፣ እንኳን ጌታ ልጅዎን ከጎዳና መለሰልዎ!»

እናቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ መሪውን አየች።

«ልጄ ከዓይኔ ርቃ የምታውቀው» አለች፣ «እናንተ ጋ የከረመች ጊዜ ብቻ ነው።»