የሃምሳ አለቃ ደምሴ ሚኒባስ

ባለፈው ወር ናይሮቢ፣ ካሳራኒ፣ ያደግኩበት ግቢ በር ላይ ደርሼ ሳለሁ አንድ የተማሪ ሚኒባስ ሊወጣ አፍንጫውን ብቅ አደረገ። ውስጥ ያሉት ልጆች ባንድ ድምፅ "ግራ!" ብለው ጮኹ። ኬንያውያን ልጆች ናቸው፤ ከአማርኛ የሚያውቁት ይቺን ብቻ ይመስለኛል። እኔ ግን እንባዬና ሳቄ እኩል መጡብኝ። ያቺን ቃል እዚያ በር ላይ ትተው የሄዱት ጋሽ ደምሴ ናቸው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ማታቱ የሚባሉት የኬንያ ታክሲዎች ሙዚቃቸውን እያንባረቁ የቲካን መንገድ በሚያስጨንቁበት፣ ሞባይል ያለው ሰው ባትሪው እንዳይወድቅበት በላስቲክ ጠፍሮ በሚይዝበት ዘመን፣ ጋሽ ደምሴ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነበችና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ከእኛ በታች ያለውን ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ትልቋ ልጃቸው ሊዲያ ጓደኛዬ ናት። ጋሽ ደምሴ በቀድሞው ጦር የከባድ መኪና ሾፌር ሆነው እስከ ሃምሳ አለቃነት ደርሰዋል። ሠራዊቱ ሲበተን መኪናቸውን ሞያሌ ድረስ ነድተው፣ ድንበሩ ላይ አቁመው፣ ቆልፈው፣ በእግራቸው ተሻገሩ። ቁልፉ ኪሳቸው ቀረ።

"ለዘላለም ጥለዋት ሊሄዱ መቆለፍዎ ምን ይሉታል?" እያለ አባቴ ያበሽቃቸዋል።

"ክፍት ትቻት ልምጣ?" ይላሉ፤ ፈገግ እንኳ አይሉም።

ናይሮቢ ግን የሳቸውን መሪ አያያዝ የሚፈልግ አላገኙም። ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን ውስጥ ጭነት አውራጅ ሆኑ። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ ማታቱ ቀያይረው ሄደው፣ ወገባቸውን ይዘው ሲመለሱ ልጆቻቸው ተኝተዋል። የሳቸው ቀን እሁድ ብቻ ናት። ጠዋት የግቢውን የሐበሻ ልጆች ጫማ በሙሉ ደረጃው ላይ ደርድረው፣ ቀለም ቀብተው፣ ፊት እስኪያሳይ ይቦርሹታል። የእኔ ጫማ ሰኞ ሰኞ ተማሪ ሁሉ የሚቀናበት ነበር። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ሚኒባሷ ይሄዳሉ።

ሚኒባስ ማለትም ይከብዳል። ከመጋዘኑ ጓሮ ተጎትታ የመጣች፣ ሞተሯ የተፈታታ፣ ወንበሯን አይጥ የበላው ቆርቆሮ ናት። አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቅባታል። ጋሽ ደምሴ ሥሯ ተንጋለው ሲውሉ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። እኔና ሊዲያ የኋላ ወንበሯ ላይ ተቀምጠን ሞምባሳ ደርሰን እንመለሳለን። የግራሶ፣ የቤንዚንና የጫማ ቀለም ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እስከ ዛሬ እሁድ የሆነ ይመስለኛል።

አባቴ ጊጊሪ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ተረብ ይወዳል። "ሃምሳ አለቃ፣ ሙዚየም አድርገው ቢያስጎበኙን አይሻልም?" ይላቸዋል።

አንድ እሁድ የግቢው ባለቤት ማማ ንጄሪ መጡና ጋሽ ደምሴን በአገራቸው የአክብሮት አጠራር ጠርተው የመጨረሻውን ቃል ተናገሩ። "ሙዜ፣ ታግሼሃለሁ። ተከራዮቼ መኪና ማቆሚያ አጡ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልወጣች ብረት ለቃሚዎች ይወስዷታል።" ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እውነታቸውን ነው። አባቴም ያን ዕለት "ይሽጧትና ይገላገሉ" አላቸው።

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

"አቶ ግርማ፣ ልጆቼ ተኝተው እወጣለሁ፣ ተኝተው እገባለሁ። ያኔ ዘመቻ ላይ ስለነበርኩ እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ። አሁን ደግሞ እዚሁ እያለሁ የለሁም። ይቺ ከተነሳችልኝ የተማሪ ሰርቪስ እሠራባታለሁ። ልጆቼን በእጄ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ሌላ ምን ፈለግኩ?"

አባቴ ከዚያ ወዲያ ሙዚየም የሚባል ነገር አላነሳም።

የወሩ የመጨረሻ እሁድ ደረሰ። ብረት ለቃሚዎቹ በጠዋት ጋሪያቸውን በሩ ላይ አቁመው ይጠብቃሉ። ጋሽ ደምሴ ሞተሯን ገጥመው ጨርሰው፣ ጎማዎቿን አስረው፣ መሪው ላይ ተቀምጠው ቁልፉን ቢያዞሩት ባትሪው ዝም አለ።

"መግፋት ነው" አሉ።

ግቢው ተነቅሎ ወጣ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ፣ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ወርውሮ ገባበት። ማማ ንጄሪ ቦርሳቸውን ለእኔ ሰጥተው ገፉ። ሥራ መፍታት የሰለቻቸው ብረት ለቃሚዎችም መጥተው ትከሻቸውን ሰጡ። ሚኒባሷ ተንገጫገጨች፣ ጥቁር ጭስ ተፋችብን፣ ጸጥ አለች። እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እንደገና!" አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ያን ድምፃቸውን ሰምተነው አናውቅም። ወደኋላ መልሰን እንደገና ገፋን። ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ሲለቁ ሞተሩ ያዘ።

እልልታው ሳያልቅ በበሩ ወጡ። ወጡና የመንገዱን ቀኝ ይዘው ከነፉ። አገራቸው ዕድሜ ልካቸውን በቀኝ ነው የነዱት፤ ኬንያ ከገቡ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ከፊት ለፊት አንድ ማታቱ ጡሩምባውን እያስጮኸ ይመጣል። እትዬ ዘነበች ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ከኋላ ሮጡ።

"ግራ! ደምሴ፣ ግራህን ያዝ! ኬንያ ነው!"

ሁላችንም "ግራ!" አልን። ማማ ንጄሪም፣ ብረት ለቃሚዎቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ "ግራ!" አሉ። ሚኒባሷ ተጠማዝዛ ግራዋን ያዘች፤ ማታቱው እየተሳደበ አለፈ።

ሰፈሩን ዞረው ተመለሱ። ወርደው የሚኒባሷን በር ቆለፉ፣ እጀታውን ሳብ አድርገው ሞከሩት፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። "እቺ እንኳ የትም አትቀርም" አሉ ለማንም ሳይሆን። አባቴ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

መንጃ ፈቃድ አውጥተው ሥራ ሲጀምሩ መጋዘኑን ተሰናበቱ። የሞያሌውን ቁልፍ መስታወቱ ላይ አንጠለጠሉት። በየጠዋቱ በሩ ላይ ስንደርስ እኛ "ግራ!" እንላለን፣ እሳቸው "ሰምቻለሁ!" ይላሉ፣ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሦስቱንም ልጆቻቸውን፣ እኔንም ጭምር፣ በእጃቸው አድርሰው በእጃቸው መለሱን። ያረፉት በጠራራ ፀሐይ፣ ቤታቸው ውስጥ ነው፤ ልጆቻቸው ሁሉ አልጋቸውን ከበው ነበር። የፈለገውን አግኝቶ የሄደ ሰው አይቻለሁ ብል እሳቸውን ነው።

ባለፈው ወር ያየሁት ሚኒባስ አዲስ ነው። የምትነዳው ግን ሊዲያ ናት። አየችኝና በሩ ላይ ቆመች። "ነይ ግቢ፣ እየዞርን እናወራለን!"

ጫማዋ የሚያበራ አንዲት ትንሽ ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሚጮኹ በስዋሂሊ ጠየቅኳት። ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ በሚል ዓይን አየችኝ።

"ካላልን እኮ መኪናዋ አትሄድም" አለችኝ።

ልጆቹ እንደገና ጮኹ፤ እኔም አብሬ ጮኽኩ። መስታወቱ ላይ የሞያሌው ቁልፍ ተወዛወዘ።

"ሰምቻለሁ!" አለች ሊዲያ፤ ግራዋን ይዛ ወጣች።