የማይዘጋው ሦስት ማዕዘን

የመመረቂያ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ማቅረብ ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ከእኔ ሌላ የሚያዩት ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ጽሑፌ ወረቀት ላይ ደህና መስለው በእጅ ሊሠሩ ስለማይችሉ ሥዕሎች ነው። አንዱን በእንጨት ላሠራ ወስኜ የካ ሚካኤል አጠገብ ወዳሉ ሽማግሌ አናጺ ሄድኩ።

የሦስት ማዕዘኑን ሥዕል ገለባብጠው አዩት።

«ሦስቱም ማዕዘን በስኳድራ ልክ፣ ዘጠና ዘጠና ዲግሪ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄ ምን ይከብዳል!»

እንደማይቻል ለመናገር አፈርኩ፤ በልቤ ግን ሳቅሁ። ሦስት እኩል የሞራሌ እንጨት ብቻ እንዲያያይዙልኝ ለመንኳቸው፦ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ላይ። አራት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አራት ወደ ኋላ፣ አራት ወደ ላይ የሄደ ሰው ወደተነሳበት ቦታ አይመለስም፤ ቁጥሩ እምቢ ይላል። ከአንድ ቦታ በአንድ ዓይን ሲታይ ግን ሁለቱ ጫፎች ይደራረቡና የተዘጋ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። ዘዴው ሁሉ ያ ክፍተት ነው።

ለፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው ልወስደው ሄድኩ። አናጺው ፈገግ ብለው ጠበቁኝ። ክፍተቱን በአራተኛ እንጨት ዘግተውታል፤ ያውም በመላጊያ ባለሰለሱት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ።

«ረስተሽው ነው መሰለኝ፣ ጫፉ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። ክፍት ሥራ ከእኔ ቤት አይወጣም። ይቺ ለምረቃሽ ምርቃት ናት!»

አመስግኜ ወጣሁ። በሩን አለፍ ብዬ ተመለስኩ።

«ጋሼ… ምርቃቷን ይንቀሉልኝ።»

«ምን? ምርቃት ይመለሳል እንዴ?»

«አይመለስም። ግን እሷ ካልተነቀለች እኔም አልመረቅም።»

እያጉረመረሙ ነቀሏት። እንጨቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቦታ አስያዝኳቸው።

«አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ትንሽ ወደ ግራ። አሁንስ?»

የተዘጋ የመሰላቸውን ማዕዘን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉ፤ አየር ጨበጡ።

«አንቺ ሌባ! እኔ ደግሞ ዓይን አፋር መስለሽኝ!»

በማግስቱ ሦስት የተከበሩ ፈታኞች አንድ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በአንዲት ቦታ ተጋፉ።

«ይበቃሃል እንግዲህ፣ ተራዬ ነው!» አሉ ሰብሳቢው።

ሊጠይቁኝ እንደመጡ ትዝ ሲላቸው ሰዓቱ አልቆ ነበር።