ሚዛን ተቆጣጣሪው የገዛው ሐብል

በገበያው ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም። ነጋዴው ሁሉ «ጎደለ» ነው የሚለው። ሚዛን ተቆጣጣሪ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የነሐስ መመዘኛዎቹን በቆዳ ቦርሳ ይዞ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ኖሯል። መመዘኛውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ፣ አጎንብሶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቁጥሩን ያይና ቀና ሲል ከአፉ የምትወጣው አንዲት ቃል ናት፦ «ጎድሏል።» ስለዚህ ኮቱ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲል ሥጋ ሻጩ ለአትክልት ሻጩ፣ አትክልት ሻጩ ለእህል ነጋዴው «ጎደለ መጣ!» ይባባላሉ፤ በየሱቁም ሚዛን በጨርቅ ይወለወላል።

እሱም ቅጽል ስሙን ያውቃል። አይከፋውም፤ እንዲያውም በልቡ ይኮራበታል። እስኪመዘን ድረስ ማንንም ንጹሕ ነው ብሎ አያምንም። ዳቦ ገዝቶ ቤቱ ወስዶ ይመዝናል። መድኃኒት ሲታዘዝለት ክኒኑን እዚያው ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ይቆጥራል። አንድ ጊዜማ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ፣ የወጣው የታመመው መሆኑን ካላየሁ ብሎ አፉ በጥጥ እንደተሞላ ከሐኪሙ ጋር ግማሽ ሰዓት ተከራክሯል። ሐኪሙ በመጨረሻ ጥርሱን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው፤ እሱም ወሰደው።

ሚስቱ የሱ ተቃራኒ ናት። የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ወርክሾፕ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋለች። መልስ ሳትቆጥር ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፤ የቤቱን ቁልፍ ጎረቤት ትታ ትሄዳለች፤ በር ያንኳኳውን ሁሉ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ «ግቡ» ትላለች። «አንተ ሰውዬ፣ ፍጥረቱን ሁሉ እየጠረጠርክ እንዴት ነው ምግብ የሚስማማህ?» ትለዋለች። «አንቺ ያልጠረጠርሽውንም ደርቤ ስለምጠረጥር ነው የከሳሁት» ይላታል። እንዲህ እየተባባሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። ተዋደው ነው የኖሩት ብል አልዋሸሁም።

በነዚህ ዓመታት ሁሉ ታዲያ፣ ከጋብቻ ቀለበቷ ሌላ ወርቅ የሚባል ገዝቶላት አያውቅም። ስስታም ሆኖ አይደለም። የከተማውን ወርቅ ቤቶች ሚዛን የሚፈትሸው እሱ ነው፤ ከአንዳቸው ቢገዛ ወይ ዋጋ ቀንሰው ጉቦ ያደርጉበታል፣ ወይ ቂማቸውን ይወጡበታል ብሎ ያምናል። ሚስቱ ስለዚህ ነገር ተናግራ አታውቅም። ታናሽ እህቷ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው የምትኖረው፤ ሁለቱ እህትማማቾች ከልጅነታቸው ጀምሮ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እህቷን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ቡናዋን ሳትጨርስ «ጋሼ፣ የእህቴ አንገት እንዲሁ ባዶውን ሊያረጅ ነው?» ትለዋለች። ይቺ ንግግር ቀስ በቀስ በላችው።

«ኢንተርኔት ላይ ያለ ነጋዴ አያውቀኝም» ብሎ አሰበ። «ካላወቀኝ አይፈራኝም፤ ካልፈራኝም አያታልለኝም።» ሦስት ሳምንት ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቅኖ ሐብል ሲመረምር ከረመ። የገዢዎችን አስተያየት አንድም ሳያስቀር አነበበ፤ የሚያመሰግኑትን «የባለቤቱ ዘመዶች ናቸው»፣ የሚያማርሩትን «ተፎካካሪ የከፈላቸው ናቸው» አለ። ርካሹን «በዚህ ዋጋ ወርቅ ከየት ይመጣል?» ብሎ ጣለው። መካከለኛውን «ርካሽ እንዳይመስል ትንሽ ጨመር አድርገውበት ነው» ብሎ ጣለው። እንዲህ እየጠረጠረ ሽቅብ ወጣ፤ ከሁሉም ውድ የሆነው ላይ ሲደርስ የሚጠረጥርበት ነገር አጣ። እሱን ገዛ። የሁለት ወር ደመወዙን ዋጠው።

ሐብሉ በአራተኛው ቀን መጣ። ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ የቅጠል ቅርጽ ያለው ማንጠልጠያ አለው። ሚስቱ ሳጥኑን ከፈተች። አጥልቃው ከነሽርጧ መስታወት ፊት ቆመች፤ ብዙ ቆመች። ከዚያ ዞራ ትከሻው ላይ ግንባሯን አሳረፈች። ጎደለ በዚያ ሰዓት ደስ አለው። እንዲህ ዓይነት ደስታ ምኑ ላይ እንደሚያዝ ስለማያውቅ «መቆለፊያውን አጥብቀሽ ዝጊው» አላት።

ሐብሉ በመጣ በዘጠነኛው ቀን አንድ ወርቅ ቤት ሚዛን ሊፈትሽ ገባ። መመዘኛውን ከቦርሳው እያወጣ ዓይኑ መስታወቱ ውስጥ ካለ ሐብል ላይ አረፈ። ያው ቅጠል፣ ያው ውፍረት። ዋጋው ከጎኑ ተጽፏል፤ እሱ ከከፈለው ግማሽ ብቻ ነው። ጎደለ አጎንብሶ በአንድ ዓይኑ አየው፤ ቀና ብሎ በሁለቱም አየው። ባለ ወርቅ ቤቱ «ሚዛኔ ምን ሆነ ጌታዬ?» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ደኅና ነው» ብሎት ወጣ። ነጋዴውም ከሱ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ ስለማያውቅ ቀኑን ሙሉ ሲጨነቅ ዋለ።

«የኔው ሐሰተኛ ነው!» አለ ጎደለ በልቡ። ሌላ ሊሆን አይችልም። ሚስቱ በሥራ ቀን ሐብሉን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ነው የምትሄደው። በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብሎ መጥቶ አወጣው። መዘነው፤ ክብደቱ ልክ ነው። በመፈተኛ ድንጋይ ፍቆ አሲድ ጠብ አደረገበት፤ ካራቱ ልክ ነው። ይኼኔ ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሱ ግን «ላይ ላዩን ወርቅ ቀብተውት ቢሆንስ?» አለና ሞረድ አንስቶ የቅጠሉን ጀርባ ከረከረው። ውስጡም ወርቅ ነው። ሳይጠግብ ሌላ ቦታ ከረከረ፤ እዚያም ወርቅ ነው። ቁጭ ብሎ ላቡን ጠረገ። ነጋዴው በአንዲት ነገር አልዋሸውም። ያለውን ወርቅ በሙሉ ክብደቱ፣ በሙሉ ጥራቱ ልኮለታል፤ ዋጋውን ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ እጥፍ አድርጎታል። የሚከሰው ሰው አጣ። ከሁሉም በላይ ያንገበገበው ይኸው ነው።

ሳጥኑ ውስጥ የነበረችውን ወረቀት አውጥቶ አነበበ። ዕቃው በደረሰ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል ትላለች። ይኼን ሲያይ ሐሳቡ ለሁለት ተከፈለ። ቢመልሰው ሚስቱን ከዚያ መስታወት ፊት ሊያነሳት ነው። ባይመልሰው፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰውን ከመታለል ሲጠብቅ የኖረ ሰው ራሱ ተሞኝቶ አፉን ዘግቶ ሊቀር ነው። ሦስት ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ሚስቱ ወደ ሥራ እንደሄደች ሐብሉን ከመሳቢያው አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ስትጠይቀው «መቆለፊያው ላልቶ ለጥገና ሰጥቼዋለሁ» ሊላት ነው።

የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የተቀበለችው መነጽር ያደረገች ወጣት ሠራተኛ ናት። ጎደለ ሳይቀመጥ መታወቂያዋን አየ፤ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየ።

«ይቀመጡ አባቴ። ዕቃው ሐሰተኛ ነው?»

«አይደለም።»

«ክብደቱ ጎድሏል?»

የገዛ ቃሉ ናት። «አልጎደለም።»

«ያልሆነውን ነው ብለው ሸጡልዎ?»

«የለም። ያሉትን ሁሉ ነው የሰጡኝ።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«ተወደደብኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «መወደድ ብቻውን ጥፋት አይደለም። እሱ በፈለገው ዋጋ መሸጥ ይችላል። እርስዎ ደግሞ ሳያዩና ሳይነኩ ስለገዙ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መመለስ ይችላሉ። ምክንያት አይጠየቁም።»

«እንዴት ነው ምክንያት የማልጠየቀው?»

«ተጸጽተዋል፤ በቃ።»

ነገሩ ጭራሽ አላማረውም። ምክንያት የማይጠይቅ መሥሪያ ቤት በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ ይቺ ልጅ ከነጋዴው ጋር ሳትመሳጠር አትቀርም ብሎ ጠረጠረ። እየጠረጠረም ሐብሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። ልጅቷ ገልበጥ አድርጋ የቅጠሉን ጀርባ አየች።

«ይኼ ምንድነው?»

«ፈተሽኩት።»

«በምን?»

«በሞረድ።»

መነጽሯን አወለቀች። «አባቴ፣ ሱቅ ገብተው እንደሚያዩት ያህል ነው ማየት የሚፈቀደው። ማንሳት ነው፣ አንገት ላይ መሞከር ነው። ለዚህኛው ጉዳት ከገንዘቡ ይቀንሱብዎታል። ሱቅ ቢሆን እንዲህ ይከረክሩት ነበር?»

«እኔ ሱቅ ስገባ ሥራዬ ምን ሆነና!»

«እሱ ለሥራ ነው። ለመግዛት ሲገቡስ?»

አንድ ሱቅ፣ አንዲት ቀን፣ ሰው ሆኖ ገብቶ ያማረውን ገዝቶ የወጣበትን ፈለገ፤ ፈልጎ አጣው። ልጅቷ ያዘነ መስሏት ቅጹን ራሷ ሞላችለት፤ የገባበትን ሰዓት ከላይ ጻፈችበት፤ ማኅተም መታችበት። «ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ፖስታ ቤት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የሚቀበሉት። ከነሳጥኑ ቢልኩት ክርክር ይቀርልዎታል» አለችው።

ሳጥኑ ቤት ቀርቷል። በዚያ ላይ በዕለቱ ሊፈትሻቸው የያዛቸው ሚዛኖች ነበሩ፤ ሥራውን ሳይጨርስ መሄድ አይሆንለትም። ቤቱ ሲደርስ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ሚስቱ በዚህ ሰዓት ትገኛለች ብሎ አላሰበም። ወርክሾፑ መብራት ጠፍቶበት ቀደም ብለው ለቀዋቸዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ባዶው ሳጥን ጭኗ ላይ ነው።

«ሐብሉ ጠፋ» አለችው። ዓይኗ በርበሬ መስሏል።

«ቆይ፣ ስሚኝ...»

«ትናንት ከእህቴ በቀር እዚህ ቤት የገባ የለም። አጥልቃው ነበር፤ መስታወት ፊት። ደወልኩላት።»

ጎደለ ሐብሉ ያለበትን ኪሱን ያዘ። «ምን አልሻት?»

«ቦርሳሽን ፈትሺ አልኳት። ቆይታ ‹ሰረቅሽ ነው የምትይኝ?› አለች። አይደለም ማለት ነበረብኝ።» ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። «‹ታዲያ ሌላ ማን ገባ?› አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት! ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሳም።»

ሐብሉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። ሁሉንም ነገራት፤ ወርቅ ቤቱን፣ ሞረዱን፣ ቢሮውን፣ ሊዋሻት ያሰበውን ጭምር። ሐብሉን ዞራም አላየችውም።

«እኔ ሰው ጠርጥሬ አላውቅም ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ። «ለማታውቀው ነጋዴ አሥራ አራት ቀን ተሰጥቶሃል። እኔ ለእህቴ የተናገርኩትን በየትኛው ቢሮ ነው የምመልሰው?»

ሳያስበው ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ሄደ። ሚስቱ ሲያይ አየችው።

«ሂድ» አለችው። «ፖስታ ቤቱ ይዘጋብሃል።»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ሐብሉን አልጋው ላይ ትቶ፣ ሳጥኑንም ሳይወስድ ወጣ። ፖስታ ቤቱ በግራ በኩል አሥር ደቂቃ ነው። እሱ በቀኝ በኩል ሄዶ ወደ ከተማው ወዲያኛው ጫፍ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። መንገዱ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል።

የሚስቱ እህት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። አንኳኳ። በሩ በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ተከፈተ፤ በክፍተቱ አንድ ያበጠ ዓይን ታየ።

«ጋሼ? ቤቴን ሊፈትሹ ነው የመጡት?»

«የወሰድኩት እኔ ነኝ» አላት። «ሐብሉ ከጠዋት ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር። እሷ አታውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እሷ ናት እንዲህ በላት ብላ የላከችዎት» አለች ሴትዮዋ። «መሳቢያው ሥር ወድቆ አግኝታችሁት ይሆናል። እርስዎ ለሰው ሲሉ ጥፋት የሚሸከሙ ሰው ነዎት እንዴ? አላምንዎትም።»

ጎደለ እውነት ተናግሮ አለመታመን ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ አወቀ። በየሱቁ እንዲህ ያለ ፊት ስንት ጊዜ አይቷል፤ ስንቱን ሰምቶ እንዳልሰማ አልፏል። አፍሮ አንገቱን ደፋ። ደፍቶም ከኮቱ ኪስ የቢሮውን ቅጽ አውጥቶ በክፍተቱ አሾልኮ ሰጣት። ሴትዮዋ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብላ አነበበችው። ሰዓቱን አየች፤ እህቷ ከደወለችበት ሰዓት ጋር አስተያየች፤ ማኅተሙን በጣቷ ዳበሰች። ደግማ ከመጀመሪያው አነበበችው።

«ይኼ ዛሬ ካልተላከ ዋጋ የለውም ይላል።»

«አዎ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት?»

«ዘግተዋል።»

ቅጹን አጠፈችው። ከዚያ በሩ ፊቱ ላይ ተዘጋ። የበር ሰንሰለት የሚወልቀው በሩ ሲዘጋ ነው፤ ሰው የሚባረረውም በር ሲዘጋበት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማወቂያ አልነበረውም። ቢሆንም ከደረጃው አልወረደም፤ ከፍታ እስክታስገባው ድረስ እዚያው ቆሞ ጠበቃት።