የኡርጌሳ የበረዶ ጉድጓድ

ኡርጌሳ አሜሪካ፣ ቱክዊላ በምትባል ከተማ ይኖራል፤ የሚሠራው ግን ከሲያትል ወጣ ብሎ በሚገኝ የድሮ ባለጸጋ ግቢ ውስጥ ነው፤ አትክልተኛ ነው። ከግቢው ጫፍ፣ ጥዶቹ ሥር፣ ጡብ የለበሰ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ጣሪያው የተደፋ ቅል ይመስላል። ፍሪጅ ሳይፈጠር በፊት የክረምት በረዶ እዚህ ተቀብሮ በጋውን ይዘልቅ ነበር። ክረምት እንደ እህል እንደሚከማች ያወቅሁት ከኡርጌሳ ነው።

የግቢው አስተዳዳሪ ሮቢ ግን ሰው ይወድቅበታል ብሎ በአፈር ሊያስሞላው ወሰነ። ኡርጌሳ ለመነ። አባቱ ሐረርጌ ውስጥ ማሽላ የሚያከማቹበት ጉድጓድ ነበራቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲደፈን ቆሞ ማየት አልሆነለትም።

"በረዶ እስከ በጋ አቆይተህ ካሳየኸኝ አልነካውም" አለው ሮቢ።

በየካቲት ኡርጌሳ ከዓሣ ነጋዴዎች ትልልቅ በረዶ አስመጥቶ በሰጋቱራ ቀበረው። በሚያዝያ ሲከፍተው ሰጋቱራው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል።

እራት ላይ ለሚስቱ ለቢልቂስ ነገራት።

"ሮቢ ኮል አደረገ። አፈር የጫነው ትራክ ሰኞ ይመጣል።"

"ሶ፣ ውኃው ለምን አልወረደም?"

"በምን ይወርዳል? ታች አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ ገና ስገባ በጭቃ መረግኋት።"

"ምን አደረገችህ?"

"የእህል ጉድጓድ ቀዳዳ ይተውለታል እንዴ? እርጥበት ይገባል፣ ነቀዝ ይገባል።"

"አንተ ሰውዬ፣ ማሽላ እኮ አይሸናም። በረዶ ሕፃን ነው። በገዛ ሽንቱ ላይ አስተኝተኸው እንዴት ያድርልህ?"

ኡርጌሳ ትን እስኪለው ሳቀ።

በማግስቱ ሮቢን ያዘው። "ስህተቱ የእኔ ነው፣ የጉድጓዱ አይደለም። ትራኩን ካንስል አድርገው።"

"እስከ ሐምሌ ብቻ። ያኔ በረዶ ከሌለ አፈሩን አንተ ራስህ ትገፋዋለህ።"

ኡርጌሳ ቀዳዳዋን ከፈተ፤ ዙሪያዋን ጠጠር ደለደለ፤ አዲስ በረዶ አስመጥቶ ጭድ ላይ አሳርፎ በሰጋቱራ ሸፈነው።

ሐምሌ እዚህ የፀሐይ ወር ነው። ሮቢ ላቡን እየጠረገ መጣ። የጉድጓዱ በር ሲከፈት ቅዝቃዜ ፊታቸውን ነካው። ኡርጌሳ ወርዶ እጁን ሰጋቱራው ውስጥ ሰደደ። እስከ ክርኑ ገባ፤ ምንም የለም። እስከ ትከሻው ሰደደው። ጣቶቹ ጠንካራ ነገር ነኩ። ጠርጎ ሲገልጠው በረዶው ሰማያዊ ነበር፤ ከሰማይ ተቆርሶ የተቀበረ ይመስል።

ሮቢም ተከትሎት ወረደና ተንበርክኮ መዳፉን አሳረፈበት፤ ለጥቂት ጊዜ አላነሳውም።

"ለሚመጣው ክረምት ምን ያህል በረዶ ትፈልጋለህ?" አለ በመጨረሻ።

"እሱን ውጭ እናወራዋለን" አለ ኡርጌሳ። "አሁን ውጣና በሩን ዝጋው፤ ሙቀት እያስገባህ ነው።"