እድር ያልነበረው አሰልጣኝ

አላምንም።

ጠዋት ፌስቡክ ስከፍት የኮች ኤርገኖን ፎቶ "ነፍስ ይማር" ተብሎበት አየሁ። ውሸት ነው ብዬ ደወልኩለት። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳው የለም።

ቆይቶ አሁን የሚያሰለጥነው ቡድን ወጌሻ መልሶ ደወለልኝ። ከልምምድ ቀርቶባቸው ቤቱ ቢሄዱ፣ በተከራየባት ክፍል ውስጥ እንደተኛ አርፎ አገኙት። ብቻውን።

ለማታውቁት፣ ኮች የሆሳዕና ልጅ ነው። እኔን በረኛ ያደረገኝ እሱ ነው። ሺንሺቾ፣ ዱራሜ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ... ያላሰለጠነበት ከተማ የለም ማለት ይቀላል። ትንሽ ሲሸነፍ ያሰናብቱታል፣ ሻንጣውን አንስቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። "ትዳርስ?" ስንለው "ዝውውር ሲዘጋ አገባለሁ" ይለን ነበር። ሳያገባ ቀረ።

ተከላካዮች ሲራራቁ ከሜዳው ዳር የሚጮኸው አንድ ነገር ነበር፦ "ተጠጋጉ! ማንም ብቻውን አይቁም!"

አንድ ቀን ዱራሜ ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳስ በእግሮቼ መሀል ሾልካ ገባች። ተሸነፍን። ልጆቹ ተናደው ጥለውኝ ወደ መኪናው ሄዱ፤ እኔ ግቡ ስር ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ኮች ሁሉንም ከመኪና አስወርዶ መለሳቸው።

"ኮች፣ ጨዋታው አልቋል እኮ" አለው አምበላችን።

"የታለ ያለቀው? በረኛችሁ ገና ሜዳ ላይ ነው!"

አጠገቤ ጭቃው ላይ አስቀመጣቸው። እሱም በዚያ በደህናው ሱሪው ተቀመጠ።

የትም ይሁን እሁድ እሁድ ይደውልልኛል። ስለ ጨዋታ አያነሳም። "ሆሳዕና ዘነበ እንዴ?" ነው የሚለኝ። "ዘንቧል ኮች።" "እሰይ።" ከዚያም ስልኩን ቶሎ አይዘጋውም። "ለምን አትመጣም?" ስለው "ሲያባርሩኝ እመጣለሁ" ብሎ ይስቃል።

አሁን አስከሬኑ ወደ ሆሳዕና መንገድ ላይ ነው። አንድ ቦታ ረግቶ ስላልኖረ እድር የለውም። ድንኳን የሚተክልለት ዘመድም የለም። ወደ እኛ እድር ዳኛ ሄድኩ።

"ምንህ ነው?" አሉኝ። ደንቡ ለአባልና ለቤተሰብ ብቻ ነው።

"አሰልጣኜ ነው።"

"እሱንማ አገር ያውቃል። በሥጋ ምንህ ነው?"

ምኔም አይደለም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሽማግሌው ትንሽ አዩኝና የእቃ ቤቱን ቁልፍ አወጡ። "በል ሂድ ትከል። ለአባላቱ እኔ እመልሳለሁ።"

ድንኳኑ እኔ ግቢ ተተክሏል። እስካሁን አግዳሚው ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ ጃጁራ ያላችሁ፣ በሱ ስር የተጫወታችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ኑ። ስትቀመጡም ተጠጋጉ።

ኮች፣ እኛን አንድ ቀን እንኳ ብቻችንን ሳትተወን አንተ ብቻህን መሄድህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ደህና ሁን። ሆሳዕና ጠዋት ዘንቧል። ከእንግዲህ ስለማትጠይቀኝ ራሴ ልንገርህ ብዬ ነው።